አባቴ «የጋኔን ስም ነው» አሉ፣ ባለቤቴ «የአያቴ ስም ነው» አለ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። ይህን የምጽፍልዎ አራስ ቤት ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ከተወለደ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ወንድ ነው። እስካሁን ስም የለውም። እኔ ማሙሽ እለዋለሁ።

ባለቤቴን ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አባቱ ገና በልጅነቱ ጥሎት ሄደ። አያቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስማቸው አልፍሬድ ነው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በአምስተኛ ወሬ ወንድ መሆኑ ሲነገረን ባለቤቴ አለቀሰ። «አልፍሬድ እንበለው» አለኝ። እሺ አልኩ። እንባውን እያየሁ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ነው ያሉት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዲያቆንም ሆነው አገልግለዋል። ስሙን በስልክ ስነግራቸው ዝም አሉ። በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ «አልፍሬድ ማለት የኤልፍ ምክር ማለት ነው፤ ኤልፍ ደግሞ እንደ ጋኔን ያለ መንፈስ ነው» ብሎ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። «የልጅ ልጄን በጋኔን ስም ልትጠሩት ነው? እንዲህ ከሆነ አያት ብላችሁ አትጥሩኝ» አሉኝ። እሳቸው የመረጡለት ስም መላኩ ነው። እናቴ ስልክ ባነሳች ቁጥር ታለቅሳለች።

ባለቤቴ «እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ» ይላል። አይቆጣም፤ ግን ከፍቶታል። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንዲነሳ ግን ያለ ምንም ክርክር ተስማምቷል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ «አልፍሬድ የሽማግሌ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁበታል» አለችኝ።

እውነት ስሙ መጥፎ ትርጉም አለው? አባቴንና ባለቤቴን ሳላስቀይም እንዴት ልውጣው?

ማሙሽን ያቀፈች፣ ከሊድስ

እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። አራስ ሆነሽ፣ እናትሽ አጠገብሽ ሳይኖሩ፣ ሁለት ወንዶች በሁለት በኩል እየጎተቱሽ ነው የጻፍሽልኝ። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ነገር ዛሬ ማታ ማለቅ የለበትም። ጊዜ አለሽ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለሽም ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ምን እንደሚፈልግ ነግረሽኛል። አባትሽ ምን እንደሚፈልጉ ነግረሽኛል። የጓደኛሽን አስተያየት ሳይቀር ጽፈሽልኛል። አንቺ ስሙን ትወጂው እንደሆነ ግን አንድ ቃል የለም። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

የአጎትሽ ልጅ አልዋሸም። ያነበበው ግን ግማሹን ነው። አልፍሬድ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንግሊዞች ስም ነው። የያኔዎቹ እንግሊዞች ስም ሲያወጡ ሁለት ቃላት ያጣምሩ ነበር። እኛ «ኃይለ» ወይም «ገብረ» ብለን ሌላ ቃል እንደምናስከትለው ማለት ነው። በአልፍሬድ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት «ኤልፍ» እና «ሬድ» ናቸው። ሬድ ምክር ማለት ነው።

አሁን ኤልፍን እንየው። ኤልፍ በዚያ ዘመን ሰዎች እምነት ከሰው የተለየ፣ ውበትና ኃይል ያለው ፍጡር ነው። አባትሽን ይገርማቸዋል ብዬ የማስበውን ልንገርሽ። የዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ክርስቲያኖች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በገዛ ቋንቋቸው በግጥም ጽፈዋል። የአብርሃምን ሚስት የሣራን ውበት ሲገልጹ «እንደ ኤልፍ የምታበራ» የሚል ቃል ነው የተጠቀሙት። ስለ ዮዲት በተገጠመው ግጥምም ያው ቃል አለ። ሣራንና ዮዲትን በጋኔን የሚመስል ክርስቲያን ገጣሚ የለም። ቃሉ በጆሯቸው ውበትና ግርማ ነበረው።

ግን ሌላውንም ወገን አልደብቅሽም፤ አንቺም አባትሽን እንዳትደብቂያቸው። የዚያው ዘመን የመድኃኒት መጻሕፍት አንዳንድ በሽታ ከኤልፍ የሚመጣ አድርገው ያዩታል። መፍትሔም ይጽፉለታል። አንድ ጥንታዊ ግጥምም ኤልፎችን ከቃየን ዘር ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ኤልፍ የሚወደድም የሚፈራም ነበር። እኛ ዘንድ ውቃቢ እንደሚባለው ነው። ውቃቢ መነሻው መንፈስ ነው። ዛሬ ግን አጥባቂ ክርስቲያን እንኳ «ውቃቢዬ አልወደደውም» ይላል። መንፈስ መጥራቱ አይደለም። ልቤ አልተቀበለውም ማለቱ ነው። ቃሉ በአፍ ሲመላለስ ድሮ የነበረውን ትቶ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ኤልፍም በስም ውስጥ እንደዚያ ሆኗል። አንድ እንግሊዛዊ ልጁን አልፍሬድ ሲለው ስለ መንፈስ የሚያስብ አይመስለኝም። የሚያስበው ስለ አያቱ ነው። ወይም ስለ አንድ ንጉሥ።

ስለ ንጉሡ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ። አባትሽ መምህር ናቸውና ይህን ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አልፍሬድ በ849 ገደማ ተወለደ። አባቱ የዌሴክስ ንጉሥ ነበር። ዌሴክስ በእንግሊዝ ደቡብና ምዕራብ የነበረ ግዛት ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ኤተልስታን፣ ኤተልባልድ፣ ኤተልበርት፣ ኤተልሬድ ይባላሉ። ሁሉም «ክቡር» በሚል ቃል ይጀምራሉ። የመጨረሻው ልጅ ብቻ ከዚያ መስመር ወጥቶ አልፍሬድ ተባለ። ከብዙ ወንድሞች በታች የተወለደ ልጅ ነውና ይነግሣል ብሎ የጠበቀ ብዙም አልነበረም።

ታሪኩን የጻፈለት አሰር የሚባል የዌልስ መነኩሴ ነው። አሰር እንዲህ ይላል። እናታቸው አንድ ቀን ያማረ የግጥም መጽሐፍ ለልጆቹ አሳየቻቸው። «ቀድሞ ያጠናው ይወስደዋል» አለች። አልፍሬድ ገና ማንበብ አይችልም። መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ አስተማሪው ሄደ። እየተነበበለት በቃሉ ያዘው። ተመልሶም ለእናቱ ወጣላትና መጽሐፉን ወሰደ። ይህን ሳነብ የቆሎ ተማሪ ነው የታየኝ። በእሳት ዳር ተቀምጦ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ ዳዊትን በቃሉ የሚይዝ ልጅ። አባትሽ ያን ልጅ ያውቁታል። ራሳቸው ነበሩ።

አልፍሬድ በ871 ነገሠ። ዴንማርኮች አገሩን እየወረሩ ነበር። በ878 መጀመሪያ ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሸሽቶ አትልኒ በምትባል ረግረጋማ ቦታ ተደበቀ። እንግሊዝ ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ የሚያውቀው ተረት የዚያን ጊዜ ነው። ንጉሡ ማንነቱን ደብቆ የአንድ እረኛ ቤት ገባ ይላሉ። የእረኛው ሚስት ምድጃ ላይ ያለውን ዳቦ ጠብቅልኝ አለችው። እሱ ስለ ጦርነቱ ሲያስብ ዳቦው አረረ። ሴትዮዋም ንጉሥ መሆኑን ሳታውቅ ወረደችበት። እሱ ቁጣዋን ዝም ብሎ ተቀበለ። ባለቤትሽን ብትጠይቂው ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ኤዲንግተን ላይ ድል አደረገ። የተሸነፈው የዴንማርኮች መሪ ጉትረም ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባት የሆነው ራሱ አልፍሬድ ነው። የጋኔን ስም ነው ለሚሉት አባትሽ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በእነሱ ኦክቶበር 26፣ ታስበዋለች።

እኔን ግን ከጦርነቱ ይልቅ የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። አገሩ በጦርነት ተጎድቶ ላቲን የሚያነብ ሰው ጠፍቶ ነበር። መጻሕፍቱ አሉ፤ የሚያነባቸው የለም። ስለዚህ አስፈላጊ ያላቸውን መጻሕፍት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ማስተርጎም ጀመረ። እሱም ራሱ ተሳተፈ። ለአንዱ መጽሐፍ በጻፈው መግቢያ ላይ አቅም ያላቸው ነፃ ወጣቶች ሁሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ እስኪችሉ ድረስ ይማሩ የሚል ምኞቱን አስፍሯል። በ899 ሞተ። ዛሬ እንግሊዞች «ታላቁ» ይሉታል። ዊንቸስተር ከተማ ውስጥ ሰይፉን ወደ ላይ ያነሳ ትልቅ ሐውልት አለው። የቆመው በ1901 ነው።

አሁን ወደ «ሬድ» ልመለስ። ሬድ ምክር ነው ብዬሻለሁ። ዛሬ እንግሊዞች «ማንበብ» ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። መጀመሪያ መምከር፣ የተቋጠረን መፍታት ማለት ነበር። ከዚያ ጽሑፍን መፍታት፣ ማንበብ ሆነ። ለጡረተኛ መምህር የልጅ ልጅ ምክርና ንባብ ያለበት ስም መጥፎ ነው? እኔ አይመስለኝም። በእኛም አገር ታሪክ አንድ አልፍሬድ አለ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ሸዋ ደረሰ። ምኒልክን ከሃያ ዓመት በላይ አገለገለ። የጅቡቲው ባቡር ሥራ እንዲጀመር ከደከሙት አንዱ ነው። ምኒልክ የሰጡት ማዕረግም የመንግሥት አማካሪነት ነበር። ስሙ ምክር፣ ሥራውም ምክር።

«የሽማግሌ ስም ነው» ስላለችሽ ጓደኛሽም ልመልስ። እውነቷን ነው፤ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ብትናገረው ኖሮ ይበልጥ እውነት ይሆን ነበር። ይህ ስም ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ስም ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የገዥዎቹ ስም ፋሽን ሆነ። ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ሄንሪ ምድሩን ሞሉት። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ስሞች አንድ በአንድ ጠፉ። አልፍሬድም ለብዙ መቶ ዓመታት ብርቅ ሆኖ ኖረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የጥንት ንጉሣቸውን እንደገና ማወደስ ሲጀምሩ ስሙም አብሮ ተነሳ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1844 የወለደችውን ሁለተኛ ወንድ ልጇን አልፍሬድ አለችው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ በብዛት ከሚወጡት ሃያ የወንድ ስሞች አንዱ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። የአያቶች ስም ሆነ።

ዛሬ ደግሞ እየተመለሰ ነው። ይህ የስም ጠባይ ነው። የእናት አባታችን ዘመን ስም ያረጀ ይመስለናል። የቅድመ አያቶቻችን ስም ግን አዲስ ይሆንብናል። አርተር እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ከአሥሩ ተመራጭ ስሞች ገብቷል። የአልፍሬድ ማቆላመጫ የሆነው አልፊ ደግሞ ራሱን ችሎ ስም ሆኗል። በ2010 በእንግሊዝና በዌልስ ለተወለዱ ወንዶች በብዛት ከወጡት አሥር ስሞች አንዱ ነበር። ልጅሽ ትምህርት ቤት ሲገባ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሌላ አልፊ ቢያገኝ አይግረምሽ። የሚስቅበት ልጅ ይኖራል ብዬ አልሰጋም።

እንግዲህ ስለ ስሙ የማውቀውን ነገርኩሽ። ይህን ሁሉ ለአባትሽ ብታነቢላቸው ነገሩ ያልቃል ወይ? አይመስለኝም። የአባትሽ ሕመም ኤልፍ አይደለም ብዬ ነው የማስበው። ልሳሳት እችላለሁ፤ አባትሽን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። ግን እስቲ አንድ ጊዜ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። በአገሩ ልማድ ብትወልጂ የመጀመሪያ ልጅሽን የምትወልጂው እናትሽ ቤት ነበር። እልልታውን እሳቸው ከደጅ ሆነው ይሰሙ ነበር። ገንፎው ሲገነፋ፣ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ፣ ሕፃኑን ታቅፈው «ይህን ልጅ እንዲህ በሉት» ይሉ ነበር። ከአያት ወግ አንዱ ስም ማውጣት ነው። አሁን ግን ልጅ መወለዱን የሰሙት በስልክ ነው። ስሙንም ያለቀለት ነገር ሆኖ በስልክ ሰሙት። እስከዚያ ድረስ «አባባ፣ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ሰው ቅሬታውን በቀጥታ መናገር ሲያፍር ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ያ ኤልፍ የመጣው ከዝምታቸው በማግስቱ ነው። ዝም ያሉት ግን ስለ ኤልፍ ሳይሰሙ ነው።

ባለቤትሽንም እንዲሁ እናስበው። በእኛ ልማድ የሞተን አያት ስም ለሕፃን መስጠት እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱም አያት በስማችን ውስጥ ራሱ አለ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን። አያት ሳይጠራ አይቀርም። በእነሱ ግን የሚወረሰው የቤተሰብ ስም ነው። የአያት የራሱ መጠሪያ ልጅ ልጁ ካልወረሰው አብሮት ይቀበራል። ባለቤትሽ የሚፈልገው እኛ ሳናስበው በየቀኑ የምናደርገውን ነው። ጥሎት የሄደ አባት አለው። ያሳደገው ሰው አልፍሬድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን እኮ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው አልፍሬድ በሆነ ነበር። ይህን ለአባትሽ በዚህ መልክ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? «የአያቱ ስም ነው» እና «አባት ሆኖ ያሳደገው ሰው ስም ነው» አንድ አይደሉም።

አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። በአምስተኛ ወርሽ እሺ ያልሽው ስሙን ወደሽው ነው ወይስ ለእንባው አዝነሽ? ሁለቱም ነውር የለውም። ግን መልሱን ለራስሽ ብታውቂው ጥሩ ነው። አዝነሽ ብቻ ከሆነ አሁን መናገር ትችያለሽ። «ያን ቀን እሺ ያልኩህ ስለምወድህ ነው፤ እንደገና ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል» ማለት ቃል ማጠፍ አይደለም። ስሙን በእውነት ከወደድሽው ደግሞ ለአባትሽም በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። እስካሁን የባልሽ ምርጫ አድርገሽ ነው የነገርሻቸው። «እኔም ወድጄዋለሁ» ስትይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ፈረንጅ ልጃቸውን ቀማቸው የሚለው ስሜት ይቀንሳል።

ወደ ጊዜው ልምጣ። እንግሊዝ ውስጥ ልጅ የሚመዘገበው በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ ነው። ክርስትናው በ40ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ገና አራት ሳምንት ያህል አለሽ። ሁለቱ ቀኖች እንዲህ መቀራረባቸው ለእኔ ጥሩ ዕድል ነው። ልጁ ክርስትና ሲነሳ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጡታል። ጸሎት ላይ የሚነሳው፣ በቤተ ክርስቲያን የሚጠራው በዚያ ስም ነው። አባትሽ ዲያቆን ነበሩና ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚፈሩት መንፈስ ከሆነ፣ ልጁ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው በአልፍሬድነቱ አይደለም። ለዚህም ባለቤትሽ ሳይከራከር ተስማምቷል። ይህን ለአባትሽ ነግረሻቸዋል? ካልነገርሽ በዚህ ጀምሪ። ከትርጉሙ ሁሉ በፊት ይህን ይስሙ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር እቀመጣለሁ፤ ልጁ ሲተኛ፣ ስልክ ሳይኖር። የአባቴን ሕመም አስረዳዋለሁ። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ቢሰፍርስ? እንግሊዝ ውስጥ ልጅ ሁለት ሦስት መጠሪያ ቢኖረው የተለመደ ነው። አልፍሬድ መላኩ። ከዚያ የቤተሰቡ ስም። ወይም መላኩ አልፍሬድ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚጠሩት በመጀመሪያው ነው። እንግሊዝ የሚያድግ ልጅ ስለሆነና አያቱ ባለቤትሽን ያሳደጉ ስለሆኑ እኔ አልፍሬድን ባስቀድም ይቀለኛል። ግን ይህ የሁለታችሁ ነው። መላኩ ደግሞ ለእንግሊዞች አፍ የሚከብድ ስም አይደለም። ባለቤትሽ ራሱ በትክክል እንዲጠራው አስተምሪው። «ላ»ውን ጠበቅ አድርጎ እንዳያበላሸው።

ከዚያ ለአባትሽ በቪዲዮ ይደወል። አንቺ ብቻሽን አትደውዪ። ባለቤትሽ ልጁን ታቅፎ አጠገብሽ ይቀመጥ። አስተርጓሚ አንቺ ነሽ። ስለ አያቱ እሱ ራሱ ይንገራቸው። እንዴት እንዳሳደጉት፣ አውቶቡሳቸው ላይ አሳፍረውት ይሄዱ እንደሆነ፣ ሲታመሙ እንዴት እንዳስታመማቸው። አባትሽ አልፍሬድ የሚባል ቃል እንጂ አልፍሬድ የሚባል ሰው እስካሁን አላወቁም። ሰውየውን ካወቁ በኋላ ስሙን ይሰሙት። ከዚያ ባለቤትሽ «አባባ፣ እርስዎ ያወጡለትን ስም መዝገብ ላይ ልናሰፍረው እንፈልጋለን፤ ይመርቁልን» ይበል። በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢያጠናም ይበቃል። «ይመርቁልን» የምትለዋን።

እሺ ላይሉ ይችላሉ። በዚያው ቀን ላይለሳለሱ ይችላሉ። «አያት ብላችሁ አትጥሩኝ» ያሉትን ቃል በክርክር አትመልሺው። አያት ብለሽ መጥራትሽን ቀጥዪ። ፎቶ ላኪ፤ ከፎቶው በታች «መላኩ ዛሬ እንዲህ ሳቀ» ብለሽ ጻፊ። የአጎትሽን ልጅም ለብቻው ደውለሽ ስለ ሣራና ስለ ንጉሡ ንገሪው። ነገሩን ያመጣው እሱ ነውና እሱ ቢመልሰው ይቀላል። እናትሽን ግን አስታራቂ አታድርጊያቸው። እሳቸው በመሃል ተጨንቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በኪስሽ ያዢ። በ42ኛው ቀን የምታስመዘግቢው ስም ላይ ሐሳባችሁ ቢቀየር፣ እንግሊዝ ውስጥ ከተመዘገበ በኋላ በ12 ወር ውስጥ የልጁን መጠሪያ አንድ ጊዜ ማስተካከል ወይም መጨመር ይፈቀዳል። ስትሄዱ የመዝገብ ሠራተኛዋን ጠይቂያት፤ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ታስረዳሻለች። ይህን የምነግርሽ እንድትዘገዪ አይደለም። ያ ቀን የዓለም መጨረሻ እንዳይመስልሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ከስሙ ታሪክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ በጆሮ ብቻ የተገጣጠመ ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ እልፍ ብዙ ነው፤ አሥር ሺህ። እልፍነሽ የምትባል ሴት ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን እልፍ ያድርግልሽ ተብሎ ይመረቃል። አባትሽ አንድ ቀን፣ ልባቸው ሲለሰልስ፣ አልፊን «እልፌ» ብለው ቢጠሩት ማንም አያርማቸው።

ዛሬ ሌሊት ልጁ ሊጠባ ሲነቃ፣ ባለቤትሽም ተኝቶ ሳለ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለሽ ጥሪበት። አልፍሬድ። መላኩ። አልፊ። እልፌ። የትኛው ከአፍሽ ሳይከብድሽ እንደወጣ ልብ በዪና ጻፊልኝ።